በሸምበቆ የተላከ ትንፋሽ

ገጠመኝ ከሚጽፉ ሰዎች ወገን አይደለሁም። የሌሎችን ሳነብ እንኳ «እዚች ጋ ጨው ጨመር አድርጋበታለች» እያልኩ የምተች ነገረኛ አንባቢ ነኝ። ባለፈው ግን ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ቻነል የሚለው ቃል ላይ ስትደርሺ ለምንድን ነው ድምፅሽ የሚቀየረው?» አለችኝ። ድምፄ እንደሚቀየር አላውቅም ነበር። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብዬ አለፍኳት። ቤቴ ስገባ ውሸቴ አላስቀምጥ አለኝና ይኸው ብዕር አነሳሁ። ጨው የጨመርኩ ከመሰላችሁ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ነገሩ የሆነው ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ላሊበላ ከተማ ቤት ተከራይቼ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ማትሪክ ወስጄ፣ ውጤት እስኪመጣ ከገነተ ማርያም ወደ ደጋው ወጣ ብሎ ወዳለው መንደራችን ተመልሼ ነበር። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። የቤቱ አባወራ ታላቅ ወንድሜ ጌታነህ ነው። እኔ አያ ጌታነህ ነው የምለው፤ በእኛ አገር ታላቅ ወንድም በስሙ ብቻ አይጠራም። አራተኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱን ትቶ ሞፈር የጨበጠ፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። ዓመት ሙሉ ተለያይተን ስንገናኝ እንኳ ንግግራችን «ከብቶቹ ገቡ?» «ገቡ» ከሚለው እምብዛም አያልፍም። አይወደኝም ማለት አይደለም። አገሬው ፍቅሩን የሚናገረው በሥራ ነው፣ እሱ ደግሞ ከአገሬውም የባሰበት ነበር።

እኔ በተቃራኒው አፌ አያርፍም። በዚያ ላይ አንድ መምህሬ ጡረታ ሲወጣ የሰጠኝ ሽፋኑ የረገፈ ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበረኝ። ከእያንዳንዱ ቃል ትርጉም ሥር በደቃቅ ፊደል ቃሉ ከየት እንደመጣ፣ አባቱ ማን እንደሆነ፣ አያቱ በየትኛው አገር እንደኖረ ይናገራል። እኔም ከብት ስጠብቅ ሳይቀር ይዤው እሄዳለሁ። የመንደሩ ሰው «አልጋነሽ የቃል ዘር ትቆጥራለች» እያለ ይስቅብኛል። አያ ጌታነህም አንድ ቀን፣ «እሱ መጽሐፍሽ እንቅልፍ ያመጣል እንዴ?» ብሎኛል፤ በዚያ ክረምት ከተናገራቸው ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ነው።

በዚያ ሳምንት የደረስኩት ቻነል የሚለው ግስ ላይ ነበር። ትርጉሙ ውሃን ወይም የሚፈስ ነገርን በተበጀለት መንገድ መርቶ ወደሚፈለግበት ማድረስ ነው። ይሄ አልገረመኝም፣ ቦይ ቆፍሮ ውሃ መምራት ለእኛ ብርቅ አይደለም። የገረመኝ ዘሩ ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ አልፎ ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ በላቲን ቱቦና አሸንዳ ማለት ነበር። ከዚያ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ሲኬድ ግን ሸምበቆ ማለት ሆኖ ይገኛል። የሸምበቆው ስም ደግሞ ወደ ግሪክ የገባው ከሴም ወገን ቋንቋዎች ሳይሆን አይቀርም ይላል፤ ማለትም ከእኛው ዘመዶች። ያን ሁሉ የኮንክሪት ቦይና የብረት ቱቦ የወለደው ባዶ ሆዱን የቆመ ሸምበቆ መሆኑ ደስ አለኝና ቀኑን ሙሉ ሳሰላስለው ዋልኩ። ለሰው ብነግር ማንም ግድ አልሰጠውም።

የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ኪዳነ ምሕረት ናት። እንደ ላሊበላዎቹ ስመ ጥር አይደለችም፣ ቱሪስት ፈልጓት መጥቶ አያውቅም። ግን እሷም ከአለት ወደ ታች የተፈለፈለች ናት። ዙሪያዋ ያለው ግቢ ጉድጓድ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ውሃው መውጫ ካላገኘ ተጠራቅሞ ወደ መቅደሱ ይገባል። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ይህን አውቀው ከግቢው ወለል ተነሥቶ አለቱን ሰንጥቆ ኮረብታው ጎን ላይ የሚወጣ የውሃ መውረጃ ፈልፍለውላታል። በግቢው በኩል ያለው ቀዳዳ የሰው ጭንቅላት አያስገባም። በኮረብታው በኩል ያለው አፉ ግን ሰፊ ነው፣ ሰው በደረቱ ተስቦ ይገባበታል።

ክረምት ሲገባ ይህን መውረጃ መጥረግ የመንደሩ ግዴታ ነው፤ በየጎጡ ተራ አለ። የሚወጣው ደለል ግን አይጣልም። የቤተ ክርስቲያን አፈር እምነት ነው፣ የታመመ ይቀባዋል፣ መንገደኛ ይቋጥረዋል። ታዲያ ማን ደፍሮ ገደል ይከተዋል? አባቶች እንዳደረጉት ሁሉ በየዓመቱ የሚወጣው ደለል ከመውረጃው አፍ ከፍ ብሎ፣ ከአጥሩ ሳያልፍ፣ በክብር ይከመራል። እኔ ሕፃን ሆኜ ክምሩ ወገቤ ድረስ ነበር። በዚያ ዓመት ከዕቃ ቤቱ ጣሪያ በልጧል። ልጆች ሲወጡበት «ውረዱ፣ እምነት ነው» ይባላሉ እንጂ፣ ይሄ ቁልል አንድ ቀን ይናድ ይሆን ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔም አላሰብኩም።

ዕለቱ የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ነው። ሰኔ አሥራ ሁለት በላሊበላ የንጉሡ በዓል ስለሆነ አቅም ያለው ሁሉ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ላሊበላ ነጉዷል። መንደሩ ውስጥ የቀረው ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ ነው። አያ ጌታነህም ሊሄድ ነበር። ግን ማታውን ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ኖሮ ጠዋት ሲሳለም የግቢው ውሃ አልወርድ ብሎ ቆሞ አየ። የመጥረጉ ተራ የእኛ ጎጥ ነው።

«ነገ በዓል ነው፣ ብረት አይነሣም» አለ ዶማውን እያነሣ። «ዛሬ ካልከፈትኩት ከሰዓት የሚመጣው ዝናብ ቅድስት ይገባል።»

«ብቻህን?» አለችው ሚስቱ የሺ። ያኔ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር።

«ሰው ካለ ጥሪልኝ» አለና ወጣ። ሰው እንደሌለ ሦስታችንም እናውቃለን።

ረፋድ ላይ የሚጠጣ ውሃ ይዤለት ሄድኩ። ጋቢው አጥሩ ላይ ተሰቅሏል፣ የላስቲክ ጫማው ከሥሩ ተቀምጧል። የደለሉን ክምር ቀና ብዬ ሳይ ግማሽ ፊቱ የለም። እርጥብ አፈር ተንዶ የመውረጃውን አፍ ከነድንጋዩ ደፍኖታል። መጀመሪያ ሌላ ቦታ የመጣሁ ነው የመሰለኝ። ከዚያ «አያ ጌታነህ» ብዬ ተጣራሁ። ሁለተኛ ስጣራ ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

እየሮጥኩ ደረጃውን ወርጄ ወደ ግቢው ገባሁ። ቁርጭምጭሚት የሚደርሰውን ውሃ እየረገጥኩ ቀዳዳው ጋ ተንበርክኬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከአለቱ ሆድ ውስጥ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል። ዶማ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ እንደዚያ ደስ ያለኝም እንደዚያ የፈራሁም ቀን የለም። ወንድሜ በሕይወት አለ፤ ግን ከፊቱ ሊጠርገው የገባው አሮጌ ደለል፣ ከኋላው አሁን የተናደው አፈር፣ እሱ መሐል ላይ ነው። ወጥቼ ኡኡ አልኩ።

የሺ ሆዷን ይዛ መጣች። ሌሎች ሴቶችም አካፋና ቅርጫት ይዘው ደረሱ። መምሬ ሞላም በምርኩዛቸው እየዳበሱ መጡ። ዓይናቸው ደክሞ ላሊበላ መሄድ ካቆሙ ቆይተዋል። የቤተ ክርስቲያኗ ገበዝ፣ የንብረቷ ኃላፊ፣ እሳቸው ናቸው።

«ማን ነው ውስጥ?» አሉ።

«ጌታነህ ነው መምሬ» አለች የሺ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ካጠገቧ ከነበረችው ሴት አካፋ ተቀበለችና መቆፈር ጀመረች። አንዲት እግረ ፈጣን ልጅ ወንዶቹን እንድትመልስ ወደ ላሊበላ መንገድ ተላከች፣ ግን ደርሳባቸው እስኪመለሱ ቀኑ እንደሚመሽ ሁላችንም ገብቶናል።

እኔ ወደ ግቢው ተመለስኩ። የዶማው ድምፅ አሁን ይዘገያል። አንድ ጊዜ ቋ ይላል፣ ከዚያ ይቆያል። በደለሉ ውስጥ ታፍኖ የሚመጣ ቃል ሰማሁ፤ «ትንፋሽ… አጠረኝ» የሚል መሰለኝ። ሰማዩን አየሁ። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ደመናው መጥቆር ጀምሯል። ዝናቡ ከመጣ ውሃው ግቢውን ሞልቶ በዚህ ቀዳዳ ወደ እሱ ይገባል። አየሩም ካለቀ ዝናቡ አያስፈልግም። እጄን በቀዳዳው ከትቼ ደለሉን ብጭር ክንዴ አልቆ ደለሉ አላለቀም።

እዚያ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ ነው ያ የምታውቁት ቃል በአእምሮዬ የመጣው። ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ስፈራ የማውቀውን መድገም ልማዴ ነው፣ ሌላው ዳዊት እንደሚደግም ማለት ነው። ቻነል፣ ከቱቦ፣ ቱቦው ከሸምበቆ። ሸምበቆ። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ማገር ሸምበቆ እንደሆነ ትዝ አለኝ።

«መምሬ፣ የዕቃ ቤቱን ጣሪያ ላፈርስ ነው» አልኳቸው።

«ምን ፍለጋ?»

«ሸምበቆ። ትንፋሽ እንድልክለት።»

ዓይናቸው ባያይም ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ኪዳነ ምሕረት ራሷ ታሠራዋለች፣ አፍርሺ» አሉ።

ረጅሙን መዝዤ አወጣሁ። ግን ሸምበቆ በየአንጓው ድፍን ነው፣ ይሄንን መዝገበ ቃላቱ አልነገረኝም። ጤና ኬላ ሲሠራ የተረፈ ቀጭን ፌሮ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አንዲት ሴት እሳት ይዛ ከቤቷ መጣች፣ ፌሮውን አግለን አንጓውን አንድ በአንድ በሳነው። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ ፌሮው ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። በስቼ ስጨርስ ጫፉ ጭቃ እንዳይጎርስ በጨርቅ ወተፍኩትና በቀዳዳው አስገብቼ ደለሉ ውስጥ እያዞርኩ ገፋሁት። መጀመሪያ ከበደኝ። ከዚያ ቀለለ። ከዚያ ከወዲያ በኩል እጅ ያዘው። ሸምበቆው በእጄ ላይ ሲነቃነቅ ተሰማኝ። ጨርቁን ነቀለው።

«አያ ጌታነህ፣ ትሰማኛለህ?»

«ማነሽ? አልጌ ነሽ?» ድምፁ በሸምበቆው ቀጥኖ የሕፃን መስሎ መጣ።

«ነኝ። ተጎድተሃል?»

«እግሬን አፈር ይዞታል፣ አልተሰበርኩም። ክንዴን መዘርጊያ ግን የለኝም።» ረጅም ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁ። «ማን ነው የሚቆፍረው?»

«ሴቶቹ ናቸው። የሺም አለች።»

«እሷ ከባድ አታንሳ በያት። ሸምበቆ ምን አሳሰበሽ?»

ቃሉን ነገርኩት፣ ዘሩንም ጭምር። «ከዚያ ከእንቅልፍ መጽሐፍሽ?» አለኝ።

«ከእሱው።»

«ሌላ ንገሪኝ። አንቺ ብቻ ዝም አትበይ።»

እኔ ምን ይሳነኛል። ስለ ጡንቻ ነገርኩት። እንግሊዞች ጡንቻን የሚጠሩበት ቃል በላቲን ትንሽ አይጥ ማለት ነው፣ ክንድ ሲታጠፍ ቆዳ ሥር የምትሮጥ አይጥ ስለሚመስል። ከአለቱ ሆድ ውስጥ የሳቅ መሰል ድምፅ መጣ። የወንድሜን ሳቅ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሰማሁ እኔም አላውቅም። ወዲያው ግን ፍርሃቱ ተመለሰብኝና፣ «ደህና ነህ?» አልኩት። ቆይቶ «ደህና ነኝ» አለ።

የሺ ከላይ ተጣራች። ወጥቼ ሳያት እጇ ደምቷል። «ይኸው እንቆፍራለን እንቆፍራለን፣ ጉድጓዱ ግን ያው ነው» አለችኝ። ቆሜ አየሁ። ሴቶቹ የቆፈሩትን አፈር በቅርጫት እየሞሉ፣ እንደ ልማዳቸው በጥንቃቄ ወደ ላይ ተሸክመው ክምሩ ላይ መልሰው ይደፉታል። ከላይ የተደፋው እርጥብ አፈር ደግሞ በዝግታ እየተንሸራተተ ወደ መውረጃው አፍ ይመለሳል። የወንድሜን መቃብር አውጥተን መልሰን እየከመርንበት ነበር። ማንም አላስተዋለም፣ ምክንያቱም እጃችን ሌላ አያውቅም።

«ወደ ገደሉ ድፉት» አልኩ።

ሴቶቹ ቆሙ። ቅርጫት የተሸከመችው ሴት ወደ መምሬ ሞላ ዞረች። አንዲቷ «እምነቱን?» አለች በቀስታ። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም እዚያ። ሁሉም ጌታነህን ይወዱታል። ግን ያን አፈር ከአጥር ማዶ የወረወረ ሰው አይተው አያውቁም፣ እንዳይጣል ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሯቸው ደግሞ እዚያው የቆሙት መምሬ ሞላ ናቸው።

«መምሬ፣ አፈሩ እየተመለሰበት ነው» አልኳቸው። «እዚህ ግቢ ውስጥ ማስቀመጫ የለም።»

የሽማግሌው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ይጸልዩ ይሆናል፣ ያስቡም ይሆናል። ምርኩዛቸውን ለየሺ ሰጡና ጎንበስ ብለው መሬቱን ዳበሱ። በሁለት እጃቸው አፈር ዘግነው ተሳለሙት። ከዚያ አጥሩን እየዳበሱ ሄደው ወደ ገደሉ በተኑት።

«ኃጢአት ከሆነ በእኔ ነው» አሉ። «ድፉ።»

ከዚያ በኋላ የወረደውን አፈር ብታዩ። ቅርጫት ያጣችው በነጠላዋ፣ ነጠላ ያልያዘችው በማዳበሪያ ጆንያ እየሞላች ወደ ገደሉ ለቀቀችው። እኔ ወደ ሸምበቆዬ ሮጥኩ።

ዝናቡ ጀመረ። ጠብታው ትልልቅ ነው፣ ይቆያል ይጥላል። የግቢው ውሃ ቀስ እያለ ወደ ሸምበቆው ሲጠጋ አየሁ። ትንፋሽ የላኩበት መንገድ ውሃ ሊልክበት ነው። ከቀዳዳው የጫርኩትን ደለል ሰብስቤ በዙሪያዬ ግማሽ ክብ አድርጌ ከተርኩት፣ ውስጥ የቀረውን ውሃ በእፍኜ እየቀዳሁ አፈሰስኩ። አንዲት አሮጊት ጀሪካን አንገቱን ቆርጠው መጡና ከውጭ ያለውን እየዛቁ ወደ ደረጃው ይደፉ ጀመር። ግድቤ በአንድ በኩል ሲፈርስ በክርኔ እደግፈዋለሁ። እንዲያ ሆኜ ፊቴን ወደ ሸምበቆው አስጠጋሁ።

«አያ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና…»

«እየደረሱ ነው። አይዞህ። ይሰማሃል?»

ቆየ። «ይሰማኛል።»

«ውሃ ይገባብሃል?»

ከዚህ በላይ መልስ አልመጣም። እንደገና ጠየቅሁ። «አያ ጌታነህ፣ አንዲት ቃል ብቻ በል። በኪዳነ ምሕረት፣ አንዲት።» ሸምበቆው ውስጥ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ጆሮዬን ለጠፍኩት፣ ምንም የለም። ሞተ ማለት ነው አልኩ። ቃሉን በአፌ ሳላወጣው ሁሉ ነገር አብሮ ታየኝ፦ የሺ፣ በሆዷ ያለው ልጅ፣ ነገ ከበዓል በደስታ የሚመለሰው ሰው።

የሺ ከላይ ሆና፣ «አልጌ፣ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ደህና ነኝ አለ» አልኳት። እውነቱን ብነግራት አካፋው ከእጇ ይወድቃል ብዬ ነው። ከዚያ የማደርገው ጠፋኝ። መጠየቁን ፈራሁት፣ መልስ በማጣት ቁጥር አንድ ጊዜ የሚሞት መሰለኝ። ዝም ማለትም አልቻልኩም። ስለዚህ ያለኝን አወራሁ። እንግሊዞች መስኮትን የሚጠሩበት ቃል በጥንት የሰሜን ሰዎች አነጋገር የነፋስ ዓይን ማለት ነው አልኩት። ተቀናቃኝን የሚጠሩበት ቃል ደግሞ ከአንድ ጅረት ውሃ የሚጠልፉ ጎረቤቶች ማለት ነበር፣ እንደ አንተና እንደ አያ ታደሰ አልኩት፤ አያ ታደሰ በመስኖ ተራ ከእሱ ጋር ሲጣላ የሚኖር ጎረቤታችን ነው። ዕንባዬ ከዝናቡ ጋር ወደ አፌ እየገባ፣ ለሞተ ሰው የማወራ እየመሰለኝ፣ የቃል ዘር ቆጠርኩ። ያለቀብኝ ሲመስለኝ የመጀመሪያውን ደገምኩለት።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከኮረብታው በኩል ጩኸት ተነሣ። እንዴት ከግቢው እንደወጣሁ ትዝ አይለኝም። ስደርስ የመውረጃው አፍ ተከፍቶ የሺ እስከ ወገቧ ገብታ እግሩን ይዛለች፣ ሴቶቹ እሷን ይዘው ይጎትታሉ። ወጣ። ጭቃ እንጂ ሰው አይመስልም። ከንፈሩ በክብ ተቆርጦ ይደማል። ደረቱ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ሳል አሳለው።

መምሬ ሞላ በእጃቸው ፊቱን ዳበሱና፣ «አለ» አሉ። ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጡ። የሺ አላለቀሰችም። የገዛ ነጠላዋን በዝናቡ አርሳ ዓይኑን ትጠርግለት ጀመር።

ወንድሜ ለብዙ ቀን አልተናገረም። ከንፈሩ ቆስሎ ስለነበር ድንጋይ የቆረጠው ነው የመሰለን። በኋላ ሲሻለው አንድ ጠዋት አልጋው አጠገብ ተቀምጬ አተር ስፈለፍል፣ ማንም ሳይጠይቀው ጀመረ።

«ሸምበቆው ነው ከንፈሬን የቆረጠው» አለኝ። «እውስጥ ያለው አየር ከፍቶ ነበር፣ ራሴን ያዞረኝ ጀመር። አፌን ሸምበቆው ላይ ገጥሜ በእሱ ብቻ ነበር የምተነፍሰው።»

«ታዲያ ስጠራህ…»

«ስታወሪ እተነፍሳለሁ። ድምፅሽ በጥርሴ በኩል ነበር የሚገባው፣ አንዱም አላመለጠኝ። ደህና ነህ ብለሽ ዝም ስትይ ግን አፌን ነቅዬ መመለስ አለብኝ። አንድ ‹ደህና ነኝ› ስንት ትንፋሽ እንደሚፈጅ አታውቂም አልጌ። በኋላ ተውኩት። እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ።» ከዚያ አተሩን አየና፣ «ስለ እኔና ስለ ታደሰ ያልሽው ግን እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው።»

«እነግረዋለሁ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ማትሪኩን አለፍኩ፣ መምህር ሆንኩ። መምሬ ሞላ እስኪያርፉ ድረስ የመውረጃው ደለል በጸሎት ተባርኮ ወደ ገደሉ ይለቀቅ ነበር እንጂ አልተከመረም፣ ዛሬም እንደዚያው ነው። አያ ጌታነህ እስካሁን ያርሳል፣ እስካሁን ወሬ አይወድም። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ድሮ የምወደው ሰው ዝም ሲለኝ መልስ እስኪሰጠኝ የምጨቀጭቅ ነበርኩ። «ምን ሆነሃል? ለምን አትናገርም? ተቀይመሃል?» እያልኩ ሰው አሰለቻለሁ። መጠየቅ መውደድ ይመስለኝ ነበር፣ ብዙ ጊዜም ነው። ግን ዝም ያለ ሰው ሁሉ እኛን የተወ አይደለም። አንዳንዱ ያለውን ትንፋሽ ለመኖር እየተጠቀመበት ነው፣ እኛ ደግሞ ለራሳችን ፍርሃት ማስታገሻ «ደህና ነኝ» እንዲለን እናስጨንቀዋለን።

ይህን እንደ ትምህርት ቆጥሬ በቃሌ ስይዘው ኖርኩ እንጂ የተፈተንኩበት በቅርብ ነው። ያኔ በሆዷ የነበረው የየሺ ልጅ አድጎ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ወጣና ወሬው ጠፋ። የሺ አፏን ዘጋች። ጎረቤት እየመጣ «አይዞሽ፣ ምን ይሰማሻል፣ ተናገሪ፣ ይወጣልሻል» ይላታል፣ እሷ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ መሬት ታያለች። አያ ጌታነህ ስልክ ደወለልኝ። «ነይና አውሪያት» አለ፣ ሌላ ምንም አላለም። እኔም ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንድም ነገር አልጠየቅኋት። ስለ ትምህርት ቤታችን አወራኋት፣ ስለ ዳይሬክተራችን ሱሪ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ስለጻፉት ጉድ። ሲመሽ እተኛለሁ፣ ሲነጋ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። አንገቷን እንኳ አታነሣም።

አንድ ቀን ከሰዓት ጉሮሮዬ ደረቀብኝና ውሃ ልጠጣ ብዬ አረፍ አልኩ። የሺ ዓይኗን ከመሬቱ ሳታነሣ፣ «ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ።